በማግስቱ መድረስ ጥፋት አይደለም፦ ስለ ኤልኤስቲ-325 ለተጻፈው ምላሽ

ሰሞኑን በፌስቡክና በቴሌግራም ሲቀባበሉት የሰነበቱት አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አለ። ስለ ኤልኤስቲ-325 ነው። ላልሰማ ሰው፣ ኤልኤስቲ የሚባሉት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ታንክና ተሽከርካሪ በሆዳቸው ጭነው ባሕር እያቋረጡ፣ ወደብ ሳያስፈልጋቸው አሸዋው ላይ ወጥተው፣ የፊት በራቸውን ከፍተው የሚያራግፉ መርከቦች ናቸው። 325 ከእነሱ አንዷ ነች። ዛሬ አሜሪካ፣ ኢንዲያና ግዛት፣ ኢቫንስቪል ከተማ፣ ኦሃዮ ወንዝ ዳር በሙዚየምነት ትጎበኛለች። እኔ የዚህ ታሪክ ወዳጅ መሆኔን የሚያውቁ ሰዎች ሁሉ ጽሑፉን ላኩልኝ። አነበብኩት፣ ደግሜም አነበብኩት። ጸሐፊው ብዕር አላቸው፣ ያነባሉም። ግን የደረሱበት ድምዳሜ ልክ አይደለም ብዬ አምናለሁ፤ ደግሞም ሰው እያመነው ነው። ስለዚህ ዝም ማለት አልቻልኩም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላጣምም ላስቀምጥ። ኤልኤስቲዎች በጥድፊያ የተገጣጠሙ ተንሳፋፊ የሬሳ ሣጥኖች ነበሩ፣ ከግማሽ በላዮቹም ሰምጠዋል ይላሉ። ቀጥለው፣ ጭነት ከማመላለስ ያለፈ ሥራ ስላልነበራቸው ለጦርነቱ ውጤት ያመጡት ለውጥ የለም ይላሉ። 325 የፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ የሆነው ኖርማንዲ የደረሰችው ወረራው በተጀመረ ማግስት ነው፣ ስለዚህ «የዲ-ዴይ መርከብ» (ዲ-ዴይ የሚባለው የወረራው የመጀመሪያ ቀን፣ ጁን 6 ቀን 1944 ነው) መባሏ ማጭበርበር ነው ይላሉ። ኢቫንስቪል ራሱ ያልሠራትን መርከብ የራሱ አስመስሎ ቱሪስት ይጠራባታል ይላሉ። በመጨረሻም፣ ከጦርነቱ በኋላ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሥራ ፈትታ የዛገች ብረት ነች፣ በ2000 አዛውንቶች አትላንቲክን ያሻገሯት ለዝና ነው፣ ቆራሌ ቢወስዳት ይሻል ነበር ብለው ይዘጋሉ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ከግማሽ በላይ ሰምጠዋል የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ጽሑፉ አይናገርም። እውነቱ እንዲህ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የተሠሩት ኤልኤስቲዎች 1,051 ናቸው። ከእነዚህ 113ቱ ለእንግሊዝ ተሰጡ። በአሜሪካ ባሕር ኃይል እጅ ከነበሩት በጠላት ጥቃት የጠፉት 26 ናቸው። በማዕበል፣ ከዓለት ጋር በመጋጨትና በአደጋ የጠፉት ደግሞ 13። ድምሩ 39 ነው። ከመቶ አራት ገደማ ማለት ነው። እነዚህ መርከቦች ከሲሲሊ እስከ ኦኪናዋ ድረስ እሳት ውስጥ ሲመላለሱ የነበሩ ናቸው። ከ12 ኖት በላይ የማይሮጥ፣ መቶ ሜትር ርዝመት ያለው፣ ራሱን የሚከላከልበት መሣሪያም ከፀረ አውሮፕላን መድፍ ብዙ የማያልፍ መርከብ እንዲህ ባለ ቦታ ውሎ ከመቶው ዘጠና ስድስቱ ሲመለስ፣ ይሄ የሬሳ ሣጥን ታሪክ አይደለም።

ጸሐፊው ማስረጃ ያደረጉት አንዱ ነገር ባሕርተኞቹ ራሳቸው መርከባቸውን «ትልቅ ዘገምተኛ ዒላማ» ይሏት ነበር የሚለውን ነው። አዎ፣ ይሏት ነበር። ወታደር በያዘው ነገር ይቀልዳል። የትኛው ጦር ነው ስለ ምግቡ፣ ስለ መኪናውና ስለ አለቃው የማይቀልደው? ቀልዱን ከኪሳራ መዝገቡ በላይ ማመን ግን ለታሪክ አይበጅም።

ይሄን ስል አደጋው ቀላል ነበር ማለቴ እንዳይመስል። እዚህ ላይ ጸሐፊው ያነሷቸው ሁለት ክስተቶች እውነት ናቸው፣ እኔም ሳነባቸው ሁሌም ልቤን ይሰብሩታል። አንዱ አፕሪል 28 ቀን 1944 ሌሊት የሆነው ነው። ለኖርማንዲ ልምምድ በእንግሊዝ ደቡብ ባሕር፣ ላይም ቤይ ውስጥ በሰልፍ ይጓዙ የነበሩ ኤልኤስቲዎችን ከፈረንሳዩ ሼርቡር ወደብ የወጡ የጀርመን ፈጣን የቶርፒዶ ጀልባዎች አገኟቸው። ኤልኤስቲ-507 እና ኤልኤስቲ-531 ሰመጡ። 289 የኋላ ክፍሏ ተቦጫጭቆ እንደምንም ወደብ ገባች። 749 የአሜሪካ ወታደሮችና ባሕርተኞች ሞቱ። ከእነዚህ ብዙዎቹን የገደለው የጀርመን ጥይት አይደለም። የሚነፋውን የሕይወት ቀበቶ በብብታቸው ሥር ማሰር ሲገባቸው ወገባቸው ላይ አስረውት ነበር፤ ውሃ ውስጥ ሲገቡ ቀበቶው ወገባቸውን ወደ ላይ፣ ጭንቅላታቸውን ወደ ታች አደረገው። በትክክል እንዴት እንደሚታሰር ያሳያቸው ሰው አልነበረም። ይሄ የሥልጠና ጉድለት ነው። ሊያጅባቸው የተመደበው አጥፊ መርከብም በግጭት ተጎድቶ ወደብ ቀርቶ ነበር፣ አጃቢዎቹና ኤልኤስቲዎቹ የሚጠቀሙበት የሬዲዮ ሞገድም የተለያየ ነበር። ስህተቱ የሰዎች ነው፣ የዕቅድ ነው። የመርከቧ አሠራር አይደለም። ሌላው፣ ሜይ 21 ቀን 1944 ፐርል ሃርበር ውስጥ፣ ዌስት ሎክ በሚባለው ቦታ፣ ተጠጋግተው የቆሙ ኤልኤስቲዎች ላይ ጥይት ሲፈነዳ እሳቱ ከአንዱ ወደ አንዱ ተሻገረ። ስድስት መርከቦች ጠፉ፣ 163 ሰዎች ሞቱ። ይሄም እውነት ነው። ጥይትና ነዳጅ የሞሉ መርከቦችን ጎን ለጎን አጠጋግቶ ማሰር ምን እንደሚያመጣ ያን ቀን በከባዱ ተማሩት።

«በጥድፊያ» ስለሚለው ደግሞ። ጥድፊያውስ ነበር። እንግሊዞች በ1940 ከደንከርክ ሲወጡ ከባድ መሣሪያቸውን ሁሉ ባሕር ዳር ጥለው ነው የወጡት። ወደ አውሮፓ ለመመለስ ታንክን ያለ ወደብ የሚያወርድ መርከብ እንደሚያስፈልጋቸው ያኔ ገባቸው። መጀመሪያ በማራካይቦ ሐይቅ ጥልቀት በሌለው ውሃ ላይ ይሠሩ የነበሩ የነዳጅ መርከቦችን ለወጡ። ቀጥለው አሜሪካኖችን ጠየቁ። የአሜሪካ ባሕር ኃይል መሐንዲስ ጆን ኒደርሜየር የመጀመሪያውን ንድፍ የሣለው ኖቬምበር 4 ቀን 1941 ነው፤ አሜሪካ ጦርነት ውስጥ እንኳ ገና አልገባችም ነበር። (ጸሐፊው ኤልኤስቲን የአሜሪካ ፈጠራ ብቻ አድርገው ማቅረባቸው በዚህ በኩል ይጎድላል፤ ሐሳቡን ያመጡት እንግሊዞች ናቸው።)

ንድፉ የፈታው ችግር ቀላል አልነበረም። ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ውሃ ውስጥ ጠልቆ ካልተቀመጠ ማዕበሉ ይገለብጠዋል። አሸዋ ላይ የሚወጣ መርከብ ደግሞ ጠልቆ ከተቀመጠ ገና ከባሕር ዳርቻው ርቆ መሬት ይነካና ታንኩ ውሃ ውስጥ ይገባል። ሁለቱ እንዴት አንድ ላይ ይሄዳሉ? ኒደርሜየር በመርከቧ ሆድና ጎን ትላልቅ የውሃ ቋቶች አስገባ። በውቅያኖስ ላይ ቋቶቹ በባሕር ውሃ ይሞላሉ፣ መርከቧ ትከብዳለች፣ ትጠልቃለች። ዳርቻው ሲቃረብ ውሃው በፓምፕ ይወጣል፣ መርከቧ ትነሳለች፣ ፊቷ አንድ ሜትር ገደማ ውሃ ብቻ ይበቃታል። ከኋላ በኩል ደግሞ አሸዋው ጋ ሳትደርስ አንድ ትልቅ መልህቅ ትጥላለች። ጭነቷን ስትጨርስ የዚያን መልህቅ ገመድ በማሽን እየጠቀለለች ራሷን ወደ ኋላ ትጎትታለች። ይሄን ያሰበ ሰው ተጣድፎ ሊሆን ይችላል፣ ግን አልተዝረከረከም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለማያውቀው። ሃያ ገደማ ታንክ በተዘጋ የመርከብ ሆድ ውስጥ ሞተራቸውን አንድ ላይ ሲያስነሱ ጭሱ ሰው ይገድላል። ይሄን አስቀድመው ያዩት መሐንዲሶች ምን አደረጉ? ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ርቆ፣ ኬንታኪ ውስጥ ፎርት ኖክስ በሚባለው የጦር ሠፈር፣ የመርከቧን የታንክ ወለል በእውነተኛ መጠኑ በሕንፃ መልክ ሠሩ። ታንኮችን አስገብተው ሞተር እያስነሱ የአየር ማስወጫዎቹን ፈተኑ። ከዚያ በኋላ ነው መርከቦቹ ላይ የተገጠሙት። ይሄን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ለሠራተኛው ሕይወት ግድ የሌለው ሰው አይደለም።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልለፍ። ጭነት ጫኝ ስለነበሩ ለውጤቱ ድርሻ የላቸውም የሚለው ጦርነትን ከፊልም ብቻ ለሚያውቅ ሰው እውነት ይመስላል። እስቲ የዘመኑን ውሳኔዎች እንይ። የኖርማንዲ ወረራ መጀመሪያ የታሰበው ለሜይ 1944 ነበር። ወደ ጁን የተገፋበት አንዱ ዋና ምክንያት የአንድ ወር ተጨማሪ የማራገፊያ ጀልባና መርከብ ምርት ለማግኘት ነው። በደቡብ ፈረንሳይ በተመሳሳይ ጊዜ ሊደረግ የታሰበው ጦር የማውረድ ዘመቻ እስከ ኦገስት 15 የዘገየውም በዋናነት በኤልኤስቲ እጥረት ነው። አንድ ወታደራዊ ዕቅድ በአንድ ዓይነት መርከብ ቁጥር ምክንያት ወራት ሲገፋ፣ ያ መርከብ ድርሻ የለውም እንዴት ይባላል? ቸርችል የሁለት ታላላቅ መንግሥታት ዕጣ ኤልኤስቲ በሚባሉ መርከቦች ላይ ተንጠልጥሎ መቅረቱን አንስቶ በምሬት ተናግሯል። ያ ሰው ለመርከብ ፍቅር ሲል እንዲህ የሚል አይደለም፣ ቁጥሩ ስላልበቃው ነው።

ከዚያ ኖርማንዲ ላይ የሆነውን ተመልከቱ። አሜሪካኖቹ ኦማሃ ብለው በሰየሙት የኖርማንዲ ዳርቻ ላይ ብዙ ለፍተው የተከሉትን ሰው ሠራሽ ወደብ ከጁን 19 እስከ 22 የነበረው ማዕበል ሰባበረው። ሼርቡር በጁን መጨረሻ ተያዘ፣ ነገር ግን ጀርመኖች ወደቡን አፈራርሰውት ስለነበር ለሳምንታት በቅጡ አልሠራም። እና ያን ሁሉ ጦር ማን አበላው? ማን ጥይት አቀበለው? የኖርማንዲ ባሕር ሲሞላና ሲሸሽ ያለው ልዩነት ብዙ ሜትር ነው። ኤልኤስቲዎቹ ይሄንኑ ተጠቀሙበት። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር አሸዋው ላይ ይወጣሉ። ውሃው ጥሏቸው ይሄዳል። መርከቧ በደረቅ መሬት ላይ ቁጭ ትላለች፣ በሯን ትከፍታለች፣ መኪኖቹ ጎማቸው ውሃ ሳይነካ ይወጣሉ። ባሕሩ ተመልሶ ሲሞላ ተነስታ ትሄዳለች። መጀመሪያ ላይ የመርከቧ ወገብ እንዳይሰበር ፈርተው ነበር። አልተሰበረም።

ባዶዋን ግን አትሄድም። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ቃል እንኳ አለማለታቸው አሳዝኖኛል። እነዚህ መርከቦች ታንክ ያወረዱበትን ወለል በመመለሻው ሆስፒታል ያደርጉት ነበር። በግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ቃሬዛ የሚሰቀልበት ማንጠልጠያ ተገጥሞለታል፣ ሐኪምና ረዳት ተመድቦላቸዋል። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኤልኤስቲዎች ከኖርማንዲ ወደ እንግሊዝ ያመጡት ቁስለኛ 41,035 ነው። እነዚህ ሰዎች በቃሬዛ ተኝተው የታንክ ዘይት በሚሸት ብረት ውስጥ ነው ወደ ሕይወት የተመለሱት። ለእኔ ይሄ ቁጥር ብቻውን ይበቃል።

አሁን ጸሐፊው በጣም ወደተማመኑበት ነጥብ እንምጣ። 325 ጁን 6 ቀን ኦማሃ ላይ አልነበረችም። ትክክል ናቸው! አልነበረችም። ጁን 5 ከእንግሊዙ ፋልመዝ ወደብ ተነስታ፣ ኦማሃ ላይ ለሚወርደው ጦር ተከታይ ኃይል ከሆነው ቡድን ጋር ተጓዘች። የደረሰችው ጁን 7 ነው። ያን ቀንም አሸዋው ላይ አልወጣችም፤ ከዳርቻው ራቅ ብላ መልህቅ ጥላ፣ ሰውና ተሽከርካሪውን በየብስም በውሃም በሚሄዱ መኪኖችና በትናንሽ ጀልባዎች አወረደች። አንዳንድ ሰው በመጀመሪያው ዙር ጥቃት ጎሕ ሲቀድ በሯን ከፍታ ታንክ እንዳወረደች አድርጎ ይተርካል። እሱ ስህተት ነው፤ ጸሐፊውም ይሄን ማረማቸው ጥሩ ነው። «በኖርማንዲ ዘመቻ የተሳተፈች» ቢባል ይሻላል የሚለውንም እቀበላለሁ።

ነገር ግን ከዚህ ተነስቶ «ማጭበርበር» ማለት የኤልኤስቲን ሥራ ካለመረዳት የሚመጣ ነው። የትኛዋም ኤልኤስቲ በመጀመሪያው ሰዓት አሸዋው ላይ እንድትወጣ አልታሰበም። የመጀመሪያው ዙር ጥቃት የትናንሽ ጀልባዎች ነው። ትልቋ መርከብ የምትመጣው ፈንጂው ሲነሳና መሰናክሉ ሲጠረግ ነው። ለምን? አንዲት ኤልኤስቲ ብትመታ ሃያ ታንክ፣ ከመቶ በላይ መርከበኛና የተሳፈረው ጦር አብሮ ይሄዳል፤ ምትክ ደግሞ የለም። ጁን 6 ማታ ኦማሃ ላይ በሕይወት የተረፉት ሰዎች የያዙት መሬት በጣም ቀጭን ነበር። ደክመዋል፣ ጓደኞቻቸው አሸዋው ላይ ተኝተዋል፣ ጥይታቸው እያለቀ ነው፣ ከባድ መሣሪያቸው ብዙው ባሕር በልቶታል። ለእነዚያ ሰዎች ጁን 7 ጠዋት አድማሱ ላይ የታየው መርከብ ምንድን ነው? ዘግይቶ የመጣ እንግዳ ነው? ወይስ ሲጠብቁት የነበረ? ጦር ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ የገባውን እናከብራለን፣ ማክበርም አለብን። ግን ማግስቱን ባያመጣለት ኖሮ የመጀመሪያው ሰው የሞተው በከንቱ ነበር።

እና ማግስቱ አንድ ቀን አልነበረም። 325 ከዚያ በኋላ በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ከ40 ጊዜ በላይ ተመላልሳለች። ኦማሃ፣ ዩታ፣ ጎልድ፣ ጁኖ፤ ሁሉም ጦሩ የወረደባቸው የኖርማንዲ ዳርቻዎች ናቸው። በሴን ወንዝ ሽቅብ እስከ ሩዋን ድረስም ገብታለች። ከኖርማንዲ በፊት ደግሞ በ1943 ሲሲሊና ሳሌርኖ ላይ ነበረች። ጽሑፉ እነዚህን በአንድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ነው ያለፋቸው። ዲሴምበር 28 ቀን 1944 የሆነውን ደግሞ ጭራሽ አላነሳውም። ያን ቀን የአሜሪካ ወታደሮች ጭና ወደ ፈረንሳዩ ለአቭር ወደብ ትሄድ የነበረችው ኢምፓየር ጃቭሊን የምትባል መርከብ ከፈረንሳይ ባሕር ዳር ራቅ ብላ ተመታች። 325 ደርሳ ወደ 700 የሚሆኑ ሰዎችን በማዳኑ ሥራ ተሳተፈች። በክረምት፣ በእንግሊዝ ቻናል፣ ውሃው ደቂቃ በማይሰጥበት ወቅት። ለዝነኛው ቀን አልደረሰችም ተብላ የተወቀሰችው መርከብ ለእነዚህ 700 ሰዎች ደርሳላቸዋለች።

ሜይ 1945 ላይ ወደ አሜሪካ ስትመለስ የደረሰባትን ልንገራችሁና ይሄን ክፍል ልዝጋው። ከቤልፋስት ከሌሎች መርከቦች ጋር በሰልፍ ወጥታ ብዙ ሳትርቅ ከባድ ማዕበል መታት። ፊቷ ከአንድ ግዙፍ ሞገድ ጋር ፊት ለፊት ተላተመ፤ የላይኛው ወለል ከጎን ወደ ጎን ተሰነጠቀ። እንዲህ ዓይነት ስንጥቅ ሲጀምር ሞገድ በመጣ ቁጥር እየሰፋ መርከብን ለሁለት ሊከፍል ይችላል። መርከበኞቹ የብረት ሳህኖች አምጥተው፣ ወለሉ ከሥራቸው እየተነሳና እየወደቀ፣ ስንጥቁ ላይ በየዱት። ያዘ። አገራቸው ገቡ። ጸሐፊው የመርከቧን ብየዳ ርካሽ ሥራ ነው ብለው ይተቻሉ፤ ስንጥቁም እውነት ነው። ነገር ግን ያዳናትም ያው ብየዳ ነው፣ በሰው እጅ፣ አትላንቲክ ላይ።

ኢቫንስቪልን በተመለከተ ብዙ አልከራከርም፤ ግማሹ ትክክል ስለሆነ። 325 የተሠራችው ኢቫንስቪል አይደለም። ፊላደልፊያ ባሕር ኃይል መሥሪያ ነው፤ ኦክቶበር 1942 ውሃ ነካች፣ ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1943 ሥራ ጀመረች። «ይቺ መርከብ እዚሁ ተሠራች» የሚል ሰው ካለ ይታረም። ነገር ግን ከተማው ለምን ወሰዳት? ኢቫንስቪል በጦርነቱ ጊዜ 167 ኤልኤስቲዎች ሠርቶ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዝ ወደ ባሕር ልኳል። ሥራው በተጧጧፈበት ጊዜ መሥሪያው ላይ ከ19,000 በላይ ሰው ነበር፤ ሴቶቹ በያጆችን ጨምሮ። ከ1,051ዱ 670ው የተሠሩት ከባሕር ርቀው፣ በወንዝ ዳር ባሉ እንዲህ ባሉ ከተሞች ነው። ከዚያ በፊት መርከብ አይቶ የማያውቅ የገበሬ ልጅ ብየዳ ተምሮ ውቅያኖስ የሚያቋርጥ መርከብ ሠራ። ከእነዚያ 167 መርከቦች አንዷን ይዞ ማቆየት ያልቻለ ከተማ እህቷን ወስዶ ቢንከባከባት ምኑ ነው ነውሩ?

እኔ ሄጄ አይቻታለሁ። የታንኩ ወለል ላይ ስትቆሙ ርዝመቱ ያስደንቃል፤ ሰው ሲናገር ድምፁ ይመለሳል። ወለሉ ላይ በየተወሰነ ርቀት ታንኮቹ በሰንሰለት የሚታሰሩባቸው ጉድጓዶች አሉ፣ ጠርዛቸው በሰንሰለት ተበልቶ የለሰለሰ። የሚያስጎበኙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ። የጠየቃችኋቸውን ሁሉ በትዕግሥት ይመልሳሉ። ማንም የኢቫንስቪል ሥራ ነች አላለኝም። ፊላደልፊያ መሆኑን የነገሩኝ እነሱ ራሳቸው ናቸው።

የመጨረሻው ነጥብ፣ ሃምሳ ዓመት ሥራ ፈትታ ዛገች የሚለው፣ ከሁሉም የሚያስገርመኝ ነው፤ ለማጣራት በጣም ቀላል ነበርና። 325 በ1946 ከአገልግሎት ወጣች፣ እሱ ልክ ነው። በ1951 ግን ተመልሳ ሥራ ገባች፣ በምሥራቅ ካናዳና በግሪንላንድ ዳርቻ ለሚሠሩ የራዳር ጣቢያዎች ዕቃ አመላለሰች። በ1964 ለግሪክ ተሰጠች። ግሪኮች «ሲሮስ» ብለው ሰየሟት፣ በደሴት የተሞላ አገር ነውና እንዲህ ዓይነት መርከብ ያስፈልጋቸው ነበር፣ እስከ 1999 ድረስ ባሕር ኃይላቸው ተጠቀመባት። ሠላሳ አምስት ዓመት! ለአንድ ጦርነት ብቻ ይበቃል ተብሎ የተሠራ መርከብ ነው ይሄ። «ርካሽ ሥራ» ከሚለው ጋር እንዴት ይታረቃል?

ስለ አዛውንቶቹ። በ2000 ከቀርጤስ፣ ሱዳ ወደብ፣ መርከቧን ይዘው የተነሱት የቀድሞ ባሕርተኞች ሠላሳ እንኳ አይሞሉም። አማካይ ዕድሜያቸው 72 ነበር። ሞተሩን፣ ፓምፑን፣ የኤሌክትሪክ መስመሩን ራሳቸው ጠግነው፣ ኖቬምበር ላይ ወጡ፣ ጂብራልታርን አልፈው አትላንቲክን በክረምት አቋረጡ። ጃንዋሪ 10 ቀን 2001 ሞቢል፣ አላባማ ገቡ። ወደ 6,500 ማይል ነው። አደገኛ ነበር? አዎ። ጸሐፊው «ቢሰምጡስ ኖሮ» ሲሉ የጠየቁት ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ያን ዕድሜ ይዞ በዚያ ወቅት በአሮጌ መርከብ መውጣት ቤተሰብን የሚያስጨንቅ ነገር ነው። እኔም አባቴ ቢሆን እለምነው ነበር። ነገር ግን ለዝና ነው የሚለው ከየት መጣ? ዝና የፈለገ ሰው በ72 ዓመቱ የዛገ ቧንቧ ሥር ተኝቶ አይውልም። እነዚህ ሰዎች በወጣትነታቸው ያገለገሉባቸው መርከቦች አንድ በአንድ ሲቆራረጡ አይተዋል። ከሺሕ በላይ ከነበሩት ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በሙዚየምነት የቀሩት ሁለት ናቸው፦ ሚሺጋን፣ መስኪገን ያለችው 393 እና 325። ከሁለቱ በራሷ ሞተር የምትጓዘው 325 ብቻ ነች፤ በየጊዜው በወንዙ ላይ ሌሎች ከተሞች ድረስ ሄዳ ትታያለች። እነዚያ ሰዎች ባይሄዱ አንዲትም የምትንቀሳቀስ አይኖርም ነበር።

ቆራሌ ይውሰዳት የሚለው በተለይ ከእኛ ሰው ሲመጣ ያመኛል። እኛም እኮ የዚያ ዘመን መርከብ ነበረችን። የባሕር ኃይላችን ዋና መርከብ የነበረችው «ኢትዮጵያ» በዚያው ጦርነት ጊዜ ተሠርታ ኦርካ በሚል ስም በፓሲፊክ ያገለገለች የአሜሪካ መርከብ ነበረች፤ በ1962 ለእኛ ተሰጠች። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ስንቱ ወጣት ባሕር የተማረው እሷ ላይ ነው። ዛሬ ልጄን ወስጄ «ይህ ነው አጎትህ ያገለገለበት ወለል» ብዬ የማሳየው ነገር የለም። ፎቶ አለ፣ የጡረተኞች ትዝታ አለ፣ በቃ። ቆራሌ የወሰደው መርከብ ምን እንደሚመስል እናውቀዋለን።

ሙዚየሙ ጦርነትን ያወድሳል የሚለውን በጨረፍታ ላንሳው፤ ጽሑፉም በጨረፍታ ስላነሳው። እኔ ያየሁት ውስጥ ውዳሴ የለም። ጠባብ መኝታዎች አሉ፣ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረቡ። ወጥ ቤት አለ። የሞተር ክፍል አለ፣ ሙቀቱ ገና ከደረጃው የሚሰማ። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ እዚያ ውስጥ ምን እንደተሰማው ለመገመት ይሄ ይበቃል።

ለጸሐፊው አንድ ልመና አለኝ። ጽሑፉ አሁንም እየተላለፈ ነው፣ ማስተካከልም ይቻላል። ስለ ፊላደልፊያና ስለ ጁን 7 የጻፉት እንዳለ ይቆይ፣ ትክክል ነው። ከግማሽ በላይ ሰምጠዋል የሚለውንና ሃምሳ ዓመት ሥራ ፈትታለች የሚለውን ግን ያውጡልን። ቦታ ካለ ደግሞ 41,035 የሚለውን ቁጥር ያስገቡበት።